የጋሽ ይልማ ሰርቨርና የሌበርደይ ሰኞ

ሞኝነቴን አስቀድሜ ተናዝዤ ልገላገል። አንድ ክረምት ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ፣ ምግብ በቆምኩበት እየበላሁ፣ «ፈጠርኩት» ብዬ በኩራት ያበጥኩበት ነገር፣ ለካ መጀመሪያውኑ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ያያችሁ» እያለ ቤቱን የሚያምስ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እሱ ሰውዬ ከኔ አጠገብ ሲቆም ሊቅ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ የኖርኩት ደግሞ ስለሚያሳፍር ብቻ አይደለም፤ እኔም ራሴ ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

የነገረችኝ ሳሮን ናት። ሳሮን የሥራ ባልደረባዬ ነች፤ ዳላስ መሀል ባለ አንድ ቢሮ ሰርቨር፣ የካምፓኒውን ሥራ ሁሉ የሚይዘውን ኮምፒውተር፣ እንጠብቃለን። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኛው ልጅ ስትሆን፣ አማርኛዋ የእንግሊዝኛ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ዓይነት ነው። አዲስ ሰርቨር ተክለን ሎጉ እንዳያብጥ ማድረግ ነበረብን። ሎግ ማለት ኮምፒውተሩ የዋለበትን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተበላሸ፣ አንዱንም አይተውም። ዝም ካላችሁት ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ በመጨረሻ ዲስኩን ሞልቶ ማሽኑን ያንቀዋል። ሶ፣ በየጊዜው አሮጌውን ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን ማድረግ፣ ለአዲሱ ቦታ መክፈት፣ የቆየውን ጨምቆ ማስቀመጥ፣ በጣም የቆየውን መጣል ያስፈልጋል። እኔም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ይሄ ነገር ከባድ ነው፣ ወንበርሽን ሳቢ፣ አሳይሻለሁ አልኳት። የኔን ወንበር እስክስብ ጨርሳለች። ስምንት መስመር። በየሳምንቱ ቀይር፤ አራት አስቀርተህ ሌላውን ጣል፤ ጨምቅ፤ ፋይሉን ካጣኸው አትጩህ፤ ባዶ ከሆነ ተወው፤ ስትጨርስ ፕሮግራሙን «አዲሱን ፋይል ክፈት» በለው። አለቀ።

«ጋሼ፣ ሎግሮቴት እኮ ኦልሬዲ አለ። ከሊነክሱ ጋር ነው የሚመጣው» አለችኝ፤ ይሄን ሥራ ሁሉ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ማለቷ ነው።

«ድሮም ነበረ?» አልኳት።

ስልኳን ጎርጉራ እሷ ሳትወለድ በፊት ጀምሮ እንደነበረ ነገረችኝ። እኔም «እህ» ብዬ ውኃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ውኃው ግን እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ድሮም ቁጭ ብዬ የማላውቅ ሰው፣ አሁን ባሰብኝ። ከሶፋ ተነስቼ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ኪችን፤ ፍሪጅ ከፍቼ ምን ልወስድ እንደመጣሁ ረስቼ መልሼ እዘጋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ብዬ ወጥቼ፣ ራሴን ዳላስ ዳር ጋርላንድ፣ የድሮው ቢሯችን በር ላይ ፓርክ አድርጌ አገኘሁት። ቢሮው አሁን ኔይል ሳሎን ሆኗል። የያኔው አለቃዬ ጋሽ ይልማ ቆመው ሾፌር የሚቆጡበት መስኮት ላይ ሮዝ ጥፍር ተስሏል። አጠገቡ ያለው ዶናት ቤት ግን እዚያው አለ። በሩ ሲከፈት የትኩስ ስኳርና የዘይት ሽታው ወጣና አፍንጫዬን ይዞ ጎተተኝ።

ያኔ ከዚህ ቢሮ የኤርፖርት ቫን ስነዳ በአንድ ዶላር ሁለት ዶናት ይገኝ ነበር፤ ምክር ደግሞ በነፃ። ባለቤቷ ካምቦዲያዊት ሴትዮ ናት፤ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ስገባ ዓይኔን አይታ «ዛሬም አልተኛህም» ትለኛለች። ጋዝ፣ ቤንዚኑ ማለቴ ነው፣ አንድ ዶላር ከምናምን ሆኖ ተወደደ ብለን እናማርራለን። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን፣ በሳንቲም ፍቀን፣ ያንን ማለቂያ የሌለው ቁጥር ደውለን፣ አዲስ አበባ ስልኩ ሲነሳ ከሰላምታ በፊት «ካርዱ ሊያልቅ ነው» እንላለን። ስለ ልብስማ አታንሱብኝ። ጋሽ ይልማ ሾፌር ከረባት ያድርግ ብለው ስለነበር፣ በቴክሳስ የሐምሌ ፀሐይ ሰማያዊ ሸሚዝ በቡርጋንዲ ከረባት፣ ከሥር ሁለት ሰው የሚያስገባ ጥቁር ሱሪ። ተሳፋሪዎች ከቫን ስወርድ ሲያዩኝ ሰርግ ቤት የማደርሳቸው ይመስላቸው ነበር። የቫኑ ካሴት ማጫወቻ ደግሞ አንድ የክራር ካሴት ውጦ አልተፋም ብሏል። ሶ፣ ከጋርላንድ እስከ ኤርፖርት አንዱ ገጽ፣ ከኤርፖርት እስከ ጋርላንድ ሌላው ገጽ። ዛሬም ያንን ክራር ስሰማ እጄ በራሱ የማርሽ ዘንግ ይፈልጋል። አንድ ከኦክላሆማ እየመጣ ልጁን የሚጠይቅ ሽማግሌ ነበረ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስወስደው ከኔ እኩል ያንጎራጉር ጀመር። ትርጉሙን ሲጠይቀኝ «ሴትዮዋ ሄዳበታለች» አልኩት። የኛም አገር ዘፈን እንደዚያው ነው አለኝ።

ግን ደስ ይል ነበር ብዬ እንዳልዋሽ። ያኔ እኔና ጽጌ፣ ባለቤቴ፣ ባልና ሚስት የምንሆነው ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች፤ እኔ ከንጋት በፊት ወጥቼ እስከ ከሰዓት እነዳለሁ። ልጃችን ማርታ ገና አልዳኸችም። ከሀይዌዩ መውጫ ላይ ባለ አንድ ጋዝ ስቴሽን ፓርኪንግ እንገናኝና፣ ማርታን ከነመቀመጫዋ ከጽጌ መኪና አንስቼ ወደኔ አዛውራለሁ። ወተቱ እዚህ ነው፣ ትናንት አስሏታል፣ ራት ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ቻው። እንደ ቅብብሎሽ ሯጮች። ማታ ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ፣ ጠዋት ስወጣ እሷ ተኝታለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ተቆርጣ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ደግነቱ እሷም ጢሜን መላጨቴን አላየችም ነበር።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ይልማ ቢሮ ውስጥ አንድ ወንበር አለች፤ የኮምፒውተር ሰው የሚቀመጥባት። ቋሚ ደሞዝ አላት፣ ኢንሹራንስ አላት፣ ማታ ማታ ትለቃለች። ያቺን ወንበር ካገኘሁ ጽጌ የቀን ሺፍት ትይዛለች፣ ማርታ ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ ትገባለች፣ እኛም እንደ ሰው አብረን ራት እንበላለን። ጽጌ ስለ ሌላ ነገር አታወራም ነበር። «ወንበሯ እንዴት ሆነች?» ትለኛለች፣ ዘመድ የታመመብን ይመስል።

ጋሽ ይልማ ማለት የቫኖቹ ባለቤት ናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው። አሜሪካ ስንት ዓመት ተቀምጠው የፈረንጅ ወር አይቆጥሩም፤ ግድግዳቸው ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው ያለው። ተሳፋሪ ከሾፌር ሲጣላ «ሐምሌ አሥራ ስምንት ማን ነበር የወጣው?» ይላሉ፣ እኛ በጣታችን ቆጥረን ጁላይ ስንት እንደሆነ እንፈልጋለን። ሾፌሮቹን ተራ የሚያስይዘው ፕሮግራም ያለበት ሰርቨር መጥረጊያና የሽንት ቤት ወረቀት በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ቆሟል፤ ማጥፊያው ላይ በፕላስተር «እንዳይነካ» ብለው በእጃቸው ጽፈው ለጥፈውበታል። እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ኮርስ ወስጄ፣ መጽሐፉንም እስከ ግማሽ አንብቤ ስለነበር፣ በካምፓኒው ውስጥ ሊቅ ተብዬ ነበር። ሎግሮቴት ያለው ከግማሽ በኋላ ነው።

ሰርቨሩ በየጊዜው ዲስኩ እየሞላ መድረቅ ሲጀምር ጠሩኝና ሎጉን ወር በወር ክፈልልኝ አሉኝ፤ በኛ ወር። ሰኔ ለብቻው፣ ሐምሌ ለብቻው። «እስከ እንቁጣጣሽ ማሽኑን ሳይወድቅ ካቆየህልኝ ከቫን አውርጄ ወንበሩን እሰጥሃለሁ። ካልሆነ ለፈረንጆቹ ካምፓኒ ነው የምሰጠው» አሉ። እሺ ጋሽ ይልማ አልኩ። እሺ ለማለት ማንም አይቀድመኝም።

ያንን ክረምት ነው እንግዲህ ዓይኔ የቀላው። ማርታን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ፣ በአንድ እጄ ጡጦ በአንድ እጄ ኪቦርድ፣ በገዛ እጄ ስክሪፕት፣ ማለት ትንሽዬ ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። በየሌሊቱ ተነስቶ የፈረንጁን ቀን ወደኛ ይቀይራል፤ ወሩ ካለቀ የወሩን ሎግ ጨምቆ በስሙ ያስቀምጥና ለአዲሱ ወር አዲስ ፋይል ይከፍታል። ካልተሳካለት እንደገና ይሞክራል፤ የሆነውንም ይጽፋል። ይቺ «እንደገና ሞክር» የምትለዋ መስመር የኔ ኩራት ነበረች። ሰው እንኳ እንደሷ አይጸናም እል ነበር። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ ሠራ። ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ ሠራ። ጋሽ ይልማ ፋይሎቹን በየስማቸው ሲያዩ ዶናት ገዙልኝ። ጽጌ ዴይኬር ዞራ አየች። የቀን ሺፍት እንዲሰጧት አለቃዋን ጠየቀች። ለሁለት የሚሆን የራት ጠረጴዛ ከአንድ ጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በሩ ላይ ከሚሸጥበት፣ ገዛች፤ አንድ እግሩ አጭር ነበር።

ለኤርፖርት ሾፌር ሌበርደይ ሰኞ፣ የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ ማለት ለበግ ነጋዴ የፋሲካ ዋዜማ ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ ከሽርሽር ይመለሳል፣ የዳላሱ ኤርፖርት ዲኤፍደብሊው ይፈላል። ያን ቀን እኩለ ቀን ሲሆን ስልኬ ጠራ። ጋሽ ይልማ ናቸው፣ ድምፃቸው በጣም ቀንሷል። ስክሪኑ ደርቋል፣ ሾፌሮቹ ኤርፖርት ቆመው ጥሪ የለም፣ ተሳፋሪ ይሳደባል፣ ና። ቫኑን እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም፤ ካሴቱ ግን ይዘፍን ነበር።

ገብቼ ሳይ ዲስኩ ጢም ብሏል። ሎጉን ሊያሳንስ የጻፍኩት ስክሪፕት የራሱ ሎግ ከሁሉም በልጦ አብጧል። ከፍቼ ሳነበው አንድ ዓይነት መስመር ነው፤ ወሩ የለም፣ እንደገና ልሞክር፤ ወሩ የለም፣ እንደገና ልሞክር። ሌሊቱን ሙሉ፣ ጠዋቱን ሙሉ። ምን ወር ነው የሌለው ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብዬ አየሁ። ጳጉሜ አንድ።

አሥራ ሁለት ወር ነው የጻፍኩት። እኔ፣ እናቴ በጳጉሜ ዝናብ ስታጥበኝ ያደግኩት፣ ለፈረንጅ ተሳፋሪ ሁሉ «የኛ አገር አሥራ ሦስት ወር ነው» እያልኩ የምደነፋው፣ ቫን ውስጥ ስንቱን በዚህ ያደነቆርኩት ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ስል በአሥራ ሁለት አቆምኩ። ሌላ አገር ሰው ይሄን ስህተት ሊሳሳት አይችልም። የሚረሳው ጳጉሜ የለውም።

ያበጠውን ፋይል ሰረዝኩት። ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው። እንደገና አየሁ፤ ፋይሉ የለም፣ ቦታው ግን አልተለቀቀም። ዛሬ ምክንያቱን ማንም ይነግረኛል፤ ስክሪፕቱ አልቆመም ነበር፣ ፋይሉን እንደያዘ ነው። እየጻፈበት ያለ እስካለ ድረስ ብትሰርዘውም ስሙ ነው የሚጠፋው እንጂ ቦታው አይለቀቅም። ያኔ ግን ይሄም ከመጽሐፉ ግማሽ በኋላ ነበር። ላቤ ከረባቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጋሽ ይልማ በር ላይ ቆመዋል፣ ስልኩ ይጮኻል። በዚህ መሀል ጽጌ ገባች። የሺፍቷ ሰዓት ደርሶ፣ ጋዝ ስቴሽኑ ጋ ጠብቃኝ ጠብቃኝ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ማርታን ይዛ። ስክሪኑን አየች፣ ጋሽ ይልማን አየች፣ እኔን አየች። የወንበሯን ነገር ከፊቴ አነበበች መሰለኝ። ማርታን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አጠገቤ ጥላ፣ ምንም ሳትል ወጣች። ጽጌ ስትቆጣ አልፈራትም። ምንም ሳትል ስትወጣ ነው የምፈራት።

ማርታ በጡጦዋ ኪቦርዱን ትመታለች። እኔ ፕላስተሩን፣ «እንዳይነካ» የሚለውን፣ አየሁት። ከዚያ ጋሽ ይልማን አየኋቸው። «ጋሽ ይልማ፣ ላጥፋው?» አልኳቸው። መልስ እስኪሰጡኝ አልጠበቅኩም፤ ተው ቢሉኝ እሺ ስለምል። ፕላስተሩን ልጬ ተጫንኩት። ክፍሉ ጭጭ አለ። ያ ማሽን ጠፍቶ እስኪነሳ ያለውን ጊዜ ያህል ረጅም ነገር እስካሁን አላየሁም። ሲነሳ ዲስኩ ተንፍሷል። ስክሪፕቴን ሁለተኛ እንዳይነሳ አድርጌ ቀበርኩት።

ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ግን የሾፌሮቹ ተራ ጠፍቷል፤ ማን ፊተኛ ማን ኋለኛ እንደሆነ ባዶ። እዚህ ላይ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ኤርፖርት ላይ ለተራ ስንት ጠብ አይቻለሁ። ስልክ አንስቼ የመጀመሪያውን ሾፌር ከማን ቀጥለህ ነህ አልኩት። ከግርማ ቀጥሎ ነኝ አለ። ግርማን ደወልኩ፤ እሱም ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ያውቃል። አዲስ አበባ የዘይት ሰልፍ ላይ ያደገ ሰው የራሱን ቁጥር ባያውቅ የፊተኛውን ጀርባ ያውቃል። አንዱም አልዋሸ። ወይም ሁሉም እኩል ስለዋሹ ልክ መጣ። ማርታን በትከሻዬ ይዤ ተራውን እንደገና አስገባሁትና ቫኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሁሉም ሲረጋጋ ጋሽ ይልማ ወንበር ስበው ተቀመጡና ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር። ቫይረስ ነው ልል ነበር፤ ያኔ ሁሉም ነገር ቫይረስ ነበር። ግን ካላንደሩ ከጭንቅላታቸው በላይ ተሰቅሏል። ጳጉሜን ረሳሁ አልኳቸው። በር ላይ የቆሙት ሁለት ሾፌሮች ሳቃቸውን ሊይዙ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ በልቤ ለፈረንጆቹ ካምፓኒ ሲደውሉ እየሰማሁ፣ ለጽጌ ምን እንደምላት ዓረፍተ ነገር እየሠራሁ ነበር፤ አንዱም አልጨረስ አለኝ።

«ሌላ ሰው ባመጣ» አሉ ጋሽ ይልማ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ «እሱም ጳጉሜን ሊረሳ ነው። ፈረንጁማ መኖሯንም አያውቅ። አንተ ግን ከእንግዲህ እስክትሞት አትረሳትም። የሚመጣው ሰኞ ወንበሩ ላይ ላግኝህ። ከረባቱን አውልቀው፣ በስብሷል።»

ወንበሯን እንዲህ ነው ያገኘኋት፤ በዕውቀት ሳይሆን በመሳሳት። ጽጌ የቀን ሺፍት ያዘች። ያ አንድ እግሩ አጭር ጠረጴዛ ላይ አብረን ራት በላን፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለታችንም አፍረን ነበር፣ ምን እንደሚወራ ጠፍቶን «ወተቱ እዚህ ነው» ልንባባል ምንም አልቀረን። ከዚያ ስልክ ተሰጠኝ፤ ማሽኑ ሲታመም የሚጮህ። እነሆ እስከ ዛሬ ይጮኻል። ካምፓኒው ተዘጋ፣ ጋሽ ይልማ አረፉ፣ ቢሮ ቀየርኩ፣ ቤት ገዛን፣ ማርታ ኮሌጅ ገብታ የምትደውለው መኪናዋ የብልሽት መብራት ሲያበራ ነው። እኔ ግን ራት ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነው። ባይጮህም አየዋለሁ፤ ያልጮኸው ለምንድነው ብዬ። ጉርሻዬን ይዤ እነሳለሁ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ዲስኩ ስንት ፐርሰንት እንደደረሰ አይቼ እመለሳለሁ። ያ የቀበርኩት ስክሪፕት ከሰርቨሩ ወጥቶ እኔ ውስጥ የገባ ይመስለኛል አንዳንዴ።

እሁድ ማታ የሳሮንን ስምንት መስመር ለጽጌ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እኔማ እየሳቅኩ፣ ስልኬን እንደያዝኩ፣ ከኪችኑ እስከ ሳሎኑ እየተመላለስኩ ነው የማወራው። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ልፋት፣ ማሽኑ ውስጥ እያለ፣ ይገርምሻል፣ ማለቴ ያኔ መጽሐፉን ትንሽ ገፋ ባደርገው ኖሮ። ጽጌ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ሳህኗን ወደ ጎን አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ማርታን የምንቀባበልባት ያቺ የፓርኪንጓ ደቂቃ ከዚህ ሁሉ ማታ ትረዝም ነበር» አለችኝ። «በል አሁን ስልኩን አስቀምጥና ተቀመጥ፤ ራትህ ቀዝቅዟል።»